አንድ ሚሊዮን ዘጠኝን ያካፈልኩበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት መሳለሚያ አንድ ወጣት የቆርቆሮ አጥር ላይ ማስታወቂያ ሲለጥፍ አየሁ። በባልዲው የያዘው በውሃ የተፈላ የፉርኖ ዱቄት ነበር። እኛ ኮላ እንለው ነበር። ትኩስ ሲሆን ገንፎ ገንፎ ይሸታል፤ ሲያድር ይኮመጥጣል፤ በሦስተኛው ቀን እንግዳ ያለበት ቤት አይገባም። የወጣቱ ኮላ ሁለተኛ ቀኑን ይዞ ነበር። የልጅነት ሽታ ድንገት ሲመጣ የሰው ልብ ይባባል ይላሉ። እኔ ጥርሴን ነከስኩ። ወጣቱ እሱን የተቆጣሁ መስሎት፣ "እትዬ፣ አጥሩ የእርስዎ ነው እንዴ?" አለኝ። የእኔ አይደለም፣ ለጥፍ አልኩት።

እኩዮቼ ስለ ድሮ መምህራን ሲያወሩ ተቀምጬ መስማት ያቅተኛል። "የድሮ መምህር እኮ ሻማ ነበር፤ ራሱ ቀልጦ ለሌላው የሚያበራ" ይላሉ፣ በማስመሪያ የተመቱበትን ጣት እየዳሰሱ። አምስተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማረኝ መምህር ታደሰ አንዲት ጠብታ አልቀለጠም። የቀለጥነው እኛ ነን። ይህን የምለው ስለመታኝ አይደለም፤ ዱላውን ከረሳሁት ቆየሁ። ያልረሳሁት አንድ ቁጥር ነው።

ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እናቴ ከተማ እንድማር ብላ ከኮምቦልቻ ወደ ታላቅ እህቷ ልካኝ ነበር። አክስቴን እኔም ሰፈሩም እትዬ ዘሃራ ነበር የምንላት። ከአብነት ዝቅ ብሎ ባለች አንድ ክፍል ቤት ውስጥ የወረቀት ከረጢት ትሠራለች። ወረቀቱ ከምናለሽ ተራ በኪሎ ይመጣል፦ የታረመ የፈተና ወረቀት፣ ያለፈበት የመሥሪያ ቤት ቅጽ፣ አንዳንዴም የማን እንደሆነ የማይታወቅ የተቀደደ ደብተር። እናጥፋለን፣ ጠርዙን ኮላ እንቀባለን፣ በመዳፋችን እንጫናለን፣ ገመድ ላይ እናሰጣለን። ሲደርቅ መቶ መቶውን አስረን ለጋሽ ሽኩር እናስረክባለን። ጋሽ ሽኩር የሳሙናና የቅመም ጅምላ ነጋዴ ነበር፤ ከረጢቱን ለበርበሬ ቸርቻሪዎች የሚያከፋፍለው እሱ ነው።

በክረምት ኮላ አይደርቅም። ስለዚህ ገመዱ ቤት ውስጥ ከአልጋችን በላይ ይወጠራል። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማየው የማላውቀውን ልጅ የፈተና ወረቀት ነው፤ ብዙውን ጊዜ የወደቀበትን።

ነገሩ የተጀመረው ግን ከክረምቱ በፊት፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ካርድ ሊሰጠን ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። መምህር ታደሰ ማርክ ሞልቶ ጨርሷል፣ የሚያስተምረው የለውም። ጠመኔ አነሳና በሰሌዳው ሙሉ 1,000,009 ብሎ ጻፈ።

"ይህ አንድ ሚሊዮን ዘጠኝ ነው። ብቸኛ ቁጥር ነው። ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ቁጥር በዓለም ላይ የለም።"

እኔ ሰባት ብቸኛ ቁጥር መሆኑን ያወቅኩት በሁለት ሞክሬ፣ በሦስት ሞክሬ፣ እስከ ስድስት ሞክሬ ነው። ስለዚህ መምህር ታደሰ አንድ ሚሊዮን ዘጠኝን በሁሉም ሞክሮታል ማለት ነው። ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ ደብተር በደብተር ላይ እየጨረሰ፣ ሚስቱ ምሳ ቀረበ ስትለው "ቆይ፣ አምስት ሺህ ላይ ነኝ" ሲላት ታየኝ። እንዲህ ያለ ሰው አስተማሪዬ በመሆኑ ኮራሁ። እጄን አወጣሁ።

"ቲቸር፣ ስንት ዓመት ፈጀብዎት?"

"ምኑ?"

"በሁሉም ለማካፈል።"

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ለምን እንደሚስቁ አልገባኝም። የመምህር ታደሰ ፊት ጠቆረ።

"መጽሐፍ ላይ ያለ ነገር ነው" አለ።

"መጽሐፉን የጻፉት ሰውዬስ ስንት ዓመት ፈጀባቸው?"

እውነቴን ነበር። ማወቅ ፈልጌ ነበር። ወደ ፊት ጠራኝና እጄን ካስዘረጋኝ በኋላ የፈረደውን ፈረደ። "ካርድሽ እኔ ጋ ይቆያል። መስከረም ላይ አሳዳጊሽ መጥታ እዚህ ክፍል ፊት ይቅርታ ትጠይቀኛለች። አለበለዚያ..." በጠመኔው ሰሌዳውን መታ መታ አደረገው፣ "አካፋዩን ይዘሽልኝ ትመጫለሽ።" ክፍሉ እንደገና ሳቀ፤ አሁን ግን ከእሱ ጋር ነበር የሳቀው።

ካርድ የሌለው ተማሪ ስድስተኛ ክፍል አይመዘገብም። ያልተመዘገበች ልጅ ደግሞ ወደ ኮምቦልቻ ትመለሳለች። እናቴ ስትልከኝ ውሉ ይህ ነበር፤ ትምህርቱ ከቆመ ነገ ዛሬ ሳይባል አጎቴ መጥቶ ይወስደኛል።

እትዬ ዘሃራ ታሪኩን ማጠፏን ሳታቆም ሰማች።

"ሰደብሽው?"

"አልሰደብኩም። ጠየቅኩት እንጂ።"

"ምን ብለሽ?"

"ስንት ዓመት ፈጀብዎት ብዬ።"

"ታዲያ ስንት ፈጀበት?"

"አልነገረኝም።"

"ስሚ፣ የኔ ሸጋ። ቁጥሩ እሱ እንዳለው ከሆነ አጥፍተሻል። እሄድና እግሩ ላይ እወድቃለሁ፣ አያሳፍረኝም። እንዳለው ካልሆነ ግን ላላጠፋነው ይቅርታ አልልም፤ ኮምቦልቻ ብትመለሺም ትመለሻለሽ። እስቲ አካፍዪውና እንወቀው።"

ይህን ያለችው ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት። ጠዋት ኮላው እስኪፈላ ድረስ ያለው ጊዜ የእኔ እንዲሆን ተስማማን። ከዚያ በኋላ ያለው የከረጢቱ ነው።

ሐምሌ አንድ ቀን ጀመርኩ፣ ጀርባቸው ባዶ በሆኑ የፈተና ወረቀቶች ላይ። በሁለት አይሆንም፤ መጨረሻው ዘጠኝ ነው። በሦስት አንድ ይቀራል። በአራት፣ በአምስት፣ በስድስት እያልኩ አንዱንም ሳልዘል ሄድኩ። በሰባት ሦስት ቀረ። በአሥራ አንድ አሥር ቀረ፣ በአሥራ ሦስትም አሥር ቀረ። በሃያ ስምንት ማካፈል ላይ ስደርስ ጋሽ ሽኩር ከረጢት ሊወስድ መጣ።

"ምንድነው የምትሞነጫጭሪው፣ ፕሮፌሰር?"

ነገርኩት። ወረቀቶቼን ገለጥ ገለጥ አደረጋቸው።

"በሁለት እምቢ ያለሽ ቁጥር በአራት እሺ ይልሻል?"

"እኔ እንጃ።"

"ለሁለት ሰው እኩል አልካፈል ያለ ሳሙና፣ ለአራት ሰው እኩል ይካፈላል?"

አሰብኩ። "አይካፈልም።"

"ለሦስት እምቢ ካለስ ለዘጠኝ?"

"አይካፈልም።"

"ስንት ቀን ሆነሽ እዚህ ላይ?"

"አሥራ ሁለት።"

"ወላሂ፣ እንኳን ሱቅ አልከፈትሽ" አለና ከረጢቱን ተሸክሞ ወጣ።

ስለዚህ በብቸኛ ቁጥሮች ብቻ መሞከር ጀመርኩ። ሌላ ቀን መጋዘኑ ድረስ ከረጢት ሳደርስለት እስከ ስንት እንደምሄድ ጠየቀኝ። እስከ አንድ ሚሊዮን ስምንት ነዋ፣ አልኩት። ካርቶን ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። ተሸካሚዎች ሳሙና ከግድግዳው ሥር እየደረደሩ ነበር።

"ያንን ድርድር እይው" አለኝ። "አንዱ ጎኑ ሲረዝም ሌላው ያጥራል። መቶ ካርቶን አሥር በአሥር ነው። ርዝመቱን ከአሥር ካሳለፍሽው ወርዱ ከአሥር ያንሳል፤ ሁለቱም ሊበልጡ አይችሉም። ያንቺ ደግሞ ሺህ በሺህ ነው፣ ዘጠኝ ምራቂ አለው። አጭሩን ጎን ከሺህ በታች ፈልጊ። እዚያ ከሌለ የትም የለም።"

በዚያ በሳሙና ክምር ፊት የገባኝን ነገር መምህር ታደሰ ዓመቱን ሙሉ አላስተማረኝም። ከሺህ በታች ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች አንድ መቶ ስልሳ ስምንት ናቸው። እነሱን ለቅሞ ማውጣት ብቻ አምስት ጠዋት ፈጀብኝ። ዝርዝሩን ከአልጋው ራስጌ ግድግዳው ላይ በከሰል ጻፍኩት፤ የሞከርኩትን እሰርዛለሁ።

በአሥራ ሰባት አንድ ቀረ። በአሥራ ዘጠኝ አንድ ቀረ። በአርባ ሦስት እንደገና አንድ። ያው አንድ ከወረቀት ወረቀት እየዘለለ የሚከተለኝ፣ መምህር ታደሰ የላከብኝ መሰለኝ። (ተንኮል አልነበረበትም። ዘጠኙ ስምንት ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ በሦስቱም ይካፈል ነበር፤ ነገሩ ይኸው ነው።) ተስፋ ቆርጬ እትዬ ዘሃራን፣ "አንድ ብቻ እኮ ነው የሚቀረው። ቢተውስ?" አልኳት።

"ከመቶ ከረጢት አንድ ቢጎድል ጋሽ ሽኩር ይተውልናል?"

"አይተውም።"

"እንግዲያው።"

ነሐሴ ሲጋመስ ሁለት መቶን አለፍኩ። ቁጥሩ ሲተልቅ ማካፈሉ ይረዝማል፤ ስሳሳት ደግሞ እንደገና ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የቆጠርኩት ይጠፋብኛል። ያካፈልኩባቸውን ወረቀቶች ሁሉ ከአልጋው ሥር አስቀምጥ ነበር፤ እያንዳንዱ ቁጥር እምቢ ማለቱን መምህር ታደሰ አንድ በአንድ ካላየ የማያምነኝ ይመስለኝ ነበርና። እሱ ሁሉንም የሞከረ ሰው አይደለ? በስንቱ ስንት እንደሚቀር በቃሉ ያውቃል ብዬ እፈራው ነበር።

ለዘመን መለወጫ በርበሬ ጋሽ ሽኩር ሁለት ሺህ ከረጢት በአንድ ሳምንት አዘዘን። አንድ ቀን ወፍጮ ቤት ሄጄ ስመለስ ከአልጋው ሥር ምንም የለም። ቀና ስል ገመዱ ላይ የገዛ እጅ ጽሑፌ ተሰጥቷል፣ ታጥፎ፣ ተለጥፎ። የሚበልጠውማ ቀድሞ ተወስዷል። እትዬ ዘሃራ ወረቀት ሲያልቅባት ያገኘችውን ስባ አውጥታ ነው። ለእሷ ሁሉም ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ነበር።

ጮህኩ። ምን እንዳልኳት አልጽፈውም። ዛሬም ታሳፍረኛለች ያች ልጅ። ቤቱን ጥዬ ወጣሁና ዝናብ መታኝ፤ ስገባ እጇን ታጥባ፣ ሥራ አቁማ ቆየችኝ።

"አጥፍቻለሁ" አለች። "ልጠይቅሽ ይገባኝ ነበር። ይቅር በዪኝ።"

ትልቅ ሰው ልጅን ይቅርታ ሲጠይቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ብሩሹን አንስቼ ኮላ መቀባት ጀመርኩ።

የከሰሉ ዝርዝር ግድግዳው ላይ ስለነበር ካቆምኩበት ቀጠልኩ። በሁለት መቶ ሰማንያ ሦስት አንድ መቶ ሰባ ቀረ። ቀጣዩ ሁለት መቶ ዘጠና ሦስት ነው። ከአንድ ሺህ ስምንት መቶ ሰባ ዘጠኝ ተነሳ፤ አንድ መቶ ሃያ አንድ ቀረ። ዜሮ አወረድኩ፤ ሠላሳ ስምንት ቀረ። ሌላ ዜሮ አወረድኩ፤ ሰማንያ ሰባት ቀረ። የመጨረሻዋን ዘጠኝ ሳወርዳት ስምንት መቶ ሰባ ዘጠኝ ሆነ። መጀመሪያ የቀነስኩት ራሱ ቁጥር ነው። ሦስት ጊዜ ገባ። ምንም አልቀረም።

ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ከዚያ 293ን በ3,413 አባዛሁ፤ አንድ ሚሊዮን ዘጠኝ መጣ።

ደስ አለኝ ብል ውሸት ነው። ግድግዳው ላይ የተሰረዙትን ቆጠርኩ። ሁለት መቶ ዘጠና ሦስት ስልሳ ሁለተኛው ነበር። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ ኮላ እስኪፈላ ባለው ጊዜ፣ ስልሳ ሁለተኛው ላይ ደርሳበታለች። ሰውየው አንድ ቀን ጠዋት እንኳ እንዳልሞከረ ያኔ ገባኝ። ደብተሮቹ የሉም። "ቆይ፣ አምስት ሺህ ላይ ነኝ" ያላት ሚስት የለችም። ክረምቱን ሙሉ የፈራሁት ሰው እኔ ራሴ የፈጠርኩት ሰው ነበር። ንዴቱ ያን ጠዋት ጀመረ፤ ከዚያ በፊት ፍርሃት ብቻ ነበር።

መስከረም ላይ እትዬ ዘሃራ የዒድ ቀሚሷን ለብሳ አብራኝ ሄደች። መምህር ታደሰ ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻውን መዝገብ እየሞላ አገኘነው።

"እሺ፣ እትዬ፣ ይቅርታውን ሊጠይቁ ነው?"

"እሱን ልጅቷ ትነግርዎታለች።"

ጠመኔ አንስቼ 293 × 3,413 ብዬ ጻፍኩ። ፈገግ እያለ ተነሳና ማባዛት ጀመረ። መሐል ላይ ሲደርስ ፈገግታው ጠፋ። ጨርሶ ቆመ። ከጎኑ እንደገና አባዛው። ከዚያ ዳስተሩን አንስቶ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አጠፋው።

"ማን ሠራልሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"ወንድም አለሽ?"

"የለኝም፣ ቲቸር።"

"ከእኔ ጋር ብቻ ነው የምትኖረው" አለች እትዬ ዘሃራ። "እኔ ደግሞ ማንበብ አልችልም።"

"መጽሐፉ ላይ ብቸኛ ነው ይላል።"

"እንግዲያው መጽሐፉም አላካፈለውም" አለች አክስቴ።

መሳቢያውን ከፍቶ ካርዴን አወጣ። ግን አልዘረጋልኝም፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እጁን ጫነበት።

"ካርዱን እሰጣታለሁ። ይሄ ነገር ግን እዚሁ ይቀራል። ልጆች ፊት እያነሱ አስተማሪ ማዋረድ የለም። ቃል ትግባልኝ።"

እትዬ ዘሃራን አየኋት። አንድ ነገር ትለዋለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ወደ እኔ ዞረች።

"አንቺ ነሽ ያካፈልሽው። አንቺው መልሺለት።"

ካርዱ ከእጁ ሥር በግማሽ ይታያል። ኮምቦልቻ ታየኝ፣ አጎቴ ታየኝ።

"እሺ፣ ቲቸር" አልኩ።

ከትምህርት ቤቱ እስከ አብነት ድረስ አክስቴ አንድ ቃል አልተናገረችም። የደከማት መስሎኝ ነበር።

ስድስተኛ ክፍል ከአምስተኛ ክፍል የሚለየው በስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነበር፤ ወዲያ ሲያስነጥሱ ወዲህ ይሰማል። ዓመቱን ሙሉ የመምህር ታደሰን ድምፅ ስሰማ ቆየሁ። ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ማርክ ከተሞላ በኋላ፣ ጠመኔው ሰሌዳው ላይ ረዘም አድርጎ ሲጮህ ሰማሁ።

"ይህ አንድ ሚሊዮን ዘጠኝ ነው። ብቸኛ ቁጥር ነው።"

አምና ስህተት ነበር። መጽሐፉም እሱም ተሳስተው ነበር፤ ሰው ይሳሳታል። ዘንድሮ ስህተት አልነበረም። ዘንድሮ በገዛ እጁ ሁለት ጊዜ አባዝቶ ያየውን ነው የካደው፣ አርባ ልጅ ፊት፣ ከኮምፔንሳቶው ወዲህ እኔ መኖሬን እያወቀ። ምናልባትም እውነቱን ስለማውቅ ነው ድምፁን ከፍ ያደረገው።

"ማን ያካፍለዋል?" አለ።

"ማንም!" አሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ።

እርሳሴን ይዤ ተቀመጥኩ። ሦስት አኃዝ ነበር መናገር የነበረብኝ።

ማታ ኮላ እያማሰልኩ ለእትዬ ዘሃራ ነገርኳት።

"አንቺስ ምን አልሽ?"

"ምንም። ቃል ገብቻለሁ እኮ።"

"ለእሱ ነው የገባሽው" አለች። "እነዚያ ልጆች ምን አደረጉሽ?"

ትምህርት ሊዘጋ አራት ቀን ቀርቶት ነበር። አራቱንም ቀን በአምስተኛ ክፍል ፊት ለፊት ሳልገባ አለፍኩ። በሩ አራቱንም ቀን ክፍት ነበር።